«ራሱን የሚተካ አካል»፦ በቤተ ሙከራ የሚሠራ የጉበት ሕብረ ሕዋስ እና የሚያስነሣቸው የፊቅህ ጥያቄዎች

የዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1988 በጅዳ ባካሄደው አራተኛ ጉባኤ ስለ አካል ንቅለ ተከላ ያሳለፈው ቁጥር 26 ውሳኔ፣ በሕይወት ካለ ሰው ስለሚወሰዱ አካላት ሲናገር አንድ መመዘኛ ያስቀምጣል፤ አካሉ ራሱን በራሱ የሚተካ ነውን? እንደ ደምና እንደ ቆዳ ራሱን የሚተካ ከሆነ፣ ሰጪው ለአካለ መጠን የደረሰ፣ የሚያደርገውን የሚያውቅና ሌሎቹም የሸሪዓ መስፈርቶች የተሟሉለት እስከሆነ ድረስ ለሌላ ሰው መስጠቱ ይፈቀዳል። ሕይወት የተንጠለጠለበት አካል ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ልብ፣ ከሕያው ሰው መውሰዱ ሐራም ነው።

ጉበት በእነዚህ ምሳሌዎች ውስጥ በስም አልተጠቀሰም። ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ጉበት በሁለቱም መደቦች ውስጥ የሚገባ መሆኑ ነው። ሰው ጉበቱ ጨርሶ ከተወሰደ በሕይወት አይቆይም፤ ከፊሉ ቢወሰድ ግን የቀረው አድጎ የጎደለውን ይሞላል። ስለዚህ «ራሱን ይተካል» የሚለው ሐረግ በጉበት ላይ ሲነገር ምን ማለት እንደሆነ ሳይጣራ ብይኑን በደም ወይም በቆዳ ላይ መቀየስ አያስተማምንም። ይህን ሐረግ ለመረዳት በዘመናችን ከተከፈቱት መንገዶች መካከል ምናልባት እጅግ የረቀቀው፣ የሰውን የጉበት ሕብረ ሕዋስ ከሰውነት ውጭ በቤተ ሙከራ ሠርቶ አተካኩን መመልከት ነው። ይህ ጽሑፍ ሥራው ምን እንደሆነ ለመምህራንና ለኢማሞች ያብራራል፤ የሚያስነሣቸውንም የፊቅህ ጥያቄዎች ይመረምራል።

ጥያቄው ከኪታብ ብቻ የመጣ አይደለም። በአዲስ ከተማ፣ በታላቁ አንዋር መስጊድም ሆነ በመርካቶ ዙሪያ ባሉት ትንንሽ መስጊዶች፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ለሕክምና እርዳታ የሚጠይቅ ቤተሰብ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 ከመርካቶ ብዙም በማይርቀው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ተጀምሯል። ጉበቱ የከዳውና ንቅለ ተከላ የታዘዘለት ሕመምተኛ ግን ፊቱን ወደ ሕንድ ወይም ወደ ቱርክ ያዞራል፤ ወጪው ሱቅ የሚያሸጥ ነው። ወንድም ለወንድሙ ከጉበቱ ከፍሎ ሊሰጥ ሲነሣ የሰጪው እናት ወይም ሚስት ኢማሙን ትጠይቃለች፦ «ልጄ ጎዶሎ ሆኖ ይቀር ይሆን? አላህ (ሱ.ወ) በአደራ የሰጠውን አካል መቀነስስ ይፈቀድለታልን?» በቅርብ ጊዜ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል። በስልኩ ላይ «ጉበት በቤተ ሙከራ ተሠራ» የሚል ዜና ያነበበ ወጣት፣ «ታዲያ ወንድሜ ለምን በቢላዋ ሥር ይተኛል? ጥቂት ብንጠብቅስ?» ይላል። ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጥ ግድ የለሽ መልስ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ጉበት እንዴት ይተካል?

የአንድ ጎልማሳ ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ በየደቂቃውም አንድ ሊትር ተኩል ያህል ደም ያልፍበታል። ከዚህ ደም ሦስት አራተኛው የሚደርሰው በቀጥታ ከልብ ሳይሆን ከአንጀት ነው። የበላነውና የጠጣነው ወደ ደም ከገባ በኋላ ወደ ሌላው አካል ከመዳረሱ በፊት ጉበት ይቀበለዋል፤ ስኳሩን ያከማቻል፣ መርዙን ያከሽፋል፣ ሐሞትን ያመነጫል፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችን ይሠራል። ኢብን ሲና የጋሊየኖስን መንገድ ተከትሎ ጉበትን የደም መፍለቂያ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ደም የሚመረተው በአጥንት መቅኔ መሆኑን ዛሬ እናውቃለን፤ ያም ሆኖ ከምግብ የሚገኘው አብዛኛው በመጀመሪያ በጉበት በኩል ማለፉን አስተውሎ እንደነበር ልብ ይሏል።

እ.ኤ.አ. በ1931 ሒጊንስ እና አንደርሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የአይጦችን ጉበት ሁለት ሦስተኛ ቆርጠው አወጡ። በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ የአይጦቹ ጉበት ወደ ቀድሞ ክብደቱ ተመለሰ። ዛሬም በዓለም ዙሪያ ስለ ጉበት አተካክ የሚያጠኑ ሁሉ የሚነሡት ከዚህ ሙከራ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ቁም ነገር ግን እዚህ ላይ አለ። የተቆረጠው የጉበት ክፍል ተመልሶ አይበቅልም፤ እንደ ባሕር ዛፍ ጉቶ አዲስ ቅርንጫፍ የሚያወጣ አይደለም። የሚሆነው ይህ ነው፦ ሳይቆረጥ የቀረው ክፍል ውስጥ ሥራቸውን እየሠሩ ነገር ግን ሳይከፈሉ የኖሩት የጉበት ሕዋሳት መከፈል ይጀምራሉ፤ የቀረው ክፍል ያድጋል፤ ለሰውነቱ የሚበቃው መጠን ላይ ሲደርስም ይቆማል። ቅርጹ አይመለስም፤ የሚመለሰው መጠኑና አገልግሎቱ ነው።

በሰው ላይም ተመሳሳይ ነው፤ ፍጥነቱ ብቻ ያነሰ ነው። በሕይወት ካለ ሰው የተወሰደ የጉበት ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1989 በአውስትራሊያ ብሪዝበን ከተማ ሲሆን ሰጪዋ እናት፣ ተቀባዩም ልጇ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከጉበታቸው ከፍለው ሰጥተዋል። በሰጪውም በተቀባዩም ሆድ ውስጥ ጉበቱ አብዛኛውን መጠኑን የሚያገኘው በሁለት ወይም በሦስት ወራት ውስጥ ነው።

እንግዲህ የእናቲቱ ጥያቄ እዚህ ላይ በከፊል ይመለሳል። ልጇ በአገልግሎት ረገድ ጎዶሎ ሆኖ አይቀርም። ነገር ግን ደም እንደሰጠ ሰውም አይደለም። ደም የሰጠ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ይሰጣል፤ የቀኝ ጉበቱን የሰጠ ሰው ግን ያ ክፍል ዳግም አይኖረውም፤ ከባድ ቀዶ ሕክምናም አልፎበታል። ከሺህ ሰጪዎች ጥቂቶቹ በዚሁ ሰበብ ሕይወታቸውን ያጣሉ። በእኔ ግምገማ ጉበትን በደም ላይ መቀየስ በዒላው፣ ማለትም በሰጪው ላይ ዘላቂ ጉድለት ባለመኖሩ፣ ይሰምራል፤ በአደጋው መጠን ግን አይሰምርም። ስለዚህ ፈትዋው «ይተካል» በሚለው ቃል ላይ ብቻ ሊቆም አይገባውም፤ «ጉዳትን በአምሳያው ጉዳት አይወገድም» በሚለው የፊቅህ መርሕ መሠረት የሰጪው ጤንነትና የሐኪሙ ምስክርነት በየጉዳዩ መመዘን አለበት።

ትእዛዙን የሚሰጠው ማን ነው?

የተኛው ሕዋስ ተነሥቶ እንዲከፈል የሚቀሰቅሰው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1967 ሞልተን እና ቡቸር የተባሉ ተመራማሪዎች የሁለት አይጦችን የደም ዝውውር አገናኝተው የአንደኛውን ጉበት ሲቆርጡ፣ ያልተቆረጠው የሌላው ጉበት ሕዋሳት መከፈል ጀመሩ። መልእክቱ በደም ውስጥ እንደሚጓዝ በዚህ ታወቀ። በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ተስተዋለ። የጉበት ሁለት ሦስተኛው ቢቆረጥ ከአንጀት የሚመጣው ደም አይቀንስም፤ ያው ደም በሙሉ በቀረው አንድ ሦስተኛ ውስጥ ለማለፍ ይገደዳል። የጁሙዓ ሕዝብ በአንድ በር ብቻ ሲወጣ እንደሚፈጠረው ግፊት ማለት ነው። ይህን ግፊት በቅድሚያ የሚሰማቸው የደም ቧንቧዎችን ውስጠኛ ግድግዳ የሸፈኑት ስስ ሕዋሳት ናቸው። እነርሱም ለጎረቤቶቻቸው የጉበት ሕዋሳት ኬሚካዊ መልእክት ይልካሉ።

ይህን ሁሉ በአይጥ ላይ ማየት ይቻላል፤ በሰው ላይ ግን አይቻልም። ሕያው ሰው ሆዱን ከፍቶ ጉበቱ ሲያድግ በየሰዓቱ ናሙና አይሰጥም። የሰው የጉበት ሕዋስ ደግሞ ተለይቶ ወጥቶ በሳሕን ላይ ቢቀመጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ የጉበትነት ሥራውን ይተዋል። ጎረቤት ያስፈልገዋል፤ የሚፈስ ፈሳሽም ያስፈልገዋል። በሰው ሠራሽ ሕብረ ሕዋስ የመጠቀም ሐሳብ የመጣው ከዚህ ችግር ነው።

በዚህ መስክ በስፋት ከሚታወቁት አንዷ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የምትሠራው ሳንጊታ ባቲያ ናት። እርሷና ባልደረቦቿ አርናቭ ቻብራ እና በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ክሪስቶፈር ቼን እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳተሙት ሥራ ለጉዳያችን እጅግ የቀረበ ነው። የሰው ጉበት ሕዋሳትን ከደጋፊ ሕዋሳት ጋር እንደ ትንንሽ እንክብል አቀናጁ፤ በእንክብሎቹ አጠገብ የደም ቧንቧን የሚመስል ቀጭን ቦይ አበጁ፤ የቦዩንም ግድግዳ በእውነተኛ የሰው ደም ቧንቧ ሕዋሳት አለበሱት። ከዚያ በቦዩ ውስጥ ፈሳሽ እንዲፈስ አደረጉ። ፈሳሹ ሲፈጥንና ከቁስል ጋር የሚመጡ የብግነት መልእክተኞች ሲጨመሩበት፣ የቧንቧው ሕዋሳት የተለያዩ ንጥረ ነገሮችን ማመንጨት ጀመሩ፤ አጠገባቸው ያሉት የጉበት ሕዋሳትም ወደ መከፈል ዑደት ገቡ። ከተገኙት መልእክተኞች መካከል ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የተባለው ጎልቶ ወጣ። ይህ ንጥረ ነገር በትንሿ የሜዳ አህያ ዓሣ ጉበት አተካክ ውስጥ ድርሻ እንዳለው ቀደም ሲል ታይቶ ነበር፤ አሁን በሰው ሕዋስም ታየ።

(የፕሮስታግላንዲንን ምርት የሚቀንሱት ከየሱቁ የሚገዙት እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ሐኪሞች የጉበት ሕሙማንን ከነዚህ የሚከለክሉት በዋናነት በኩላሊት ጉዳትና በደም መፍሰስ ምክንያት ነው፤ ቢሆንም ክልከላው የሚያውቁት ሁሉ ሊያስታውሱት የሚገባ ነው።)

ከዚህ በፊትም ሌሎች እርምጃዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 በጃፓን የዮኮሃማ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ታኬቤና ባልደረቦቹ ሦስት ዓይነት የሰው ሕዋሳትን ቀላቅለው ጥቂት ሚሊሜትር የምትሆን «የጉበት እንቡጥ» ሠሩ፤ በአይጥ ውስጥ ሲተክሏትም በሁለት ቀን ገደማ ከአይጡ የደም ቧንቧ ጋር ተያያዘች። እ.ኤ.አ. በ2017 የባቲያና የባልደረቦቿ ቡድን ጉበታቸው በተጎዳ አይጦች ውስጥ የተከላቸው የሰው ሕብረ ሕዋስ ፍሬዎች ሃምሳ እጥፍ አደጉ። በ2024 ደግሞ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ከለጋሽ ጉበት የተገኙ ሕዋሳትን በአንድ ሕመምተኛ ፍርንትት ውስጥ በመጨመር ሙከራ ጀምሯል።

ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ፤ «ብንጠብቅስ?» መልሱ ቀጥተኛ መሆን አለበት። አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን፣ ሐሞቱን በራሱ ቦይ የሚያፈስ፣ የሰውን ሕይወት የሚያቆይ ጉበት በየትኛውም ቤተ ሙከራ አልተሠራም። የተሠራው አተካኩን ለማየት የሚያስችል መስኮት ነው። ሐኪም ንቅለ ተከላ ያዘዘለት ሰው ይህን ተስፋ አድርጎ ቀጠሮ ቢያሳልፍ ቢላዋውን ብቻ ሳይሆን ሕይወቱንም ያመልጠዋል። «በግንደ ሕዋስ ጉበት እናድሳለን» እያሉ በማስታወቂያ ገንዘብ የሚሰበስቡትንም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል።

ሕዋሱ ከየት መጣ?

ከፊቅህ አንጻር የመጀመሪያው ጥያቄ የሕዋሱ ምንጭ ነው። የ1988ቱ ውሳኔ «አካል» ሲል ሕብረ ሕዋስን፣ ሕዋስንና ደምን ሁሉ የሚጨምር መሆኑን ገና ከመነሻው ይገልጻል። ስለዚህ በቤተ ሙከራ የሚገቡ ሕዋሳት ከውሳኔው ውጭ አይደሉም።

ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚውሉ የበሰሉ የጉበት ሕዋሳት በአብዛኛው ከሁለት ቦታ ይገኛሉ። አንደኛው ሕይወታቸው ካለፈ ለጋሾች የተወሰደና ለንቅለ ተከላ ሳይሆን የቀረ ጉበት ነው። ሁለተኛው በሕመም ምክንያት በቀዶ ሕክምና ከወጣ የጉበት ክፍል ነው። ውሳኔው ለሁለተኛው የቀረበ ምሳሌ አለው፤ በሕመም ምክንያት ዓይኑ ከወጣ ሰው ብሌኑን ለሌላው መጠቀምን ይፈቅዳል። የመጀመሪያው ሟቹ በሕይወት ሳለ በሰጠው ወይም ወራሾቹ በሚሰጡት ፈቃድ ላይ ይቆማል። የሚያስቸግረው ሦስተኛ ነገር ነው፦ እነዚህ ሕዋሳት በብርድ ተጠብቀው በኩባንያዎች ይሸጣሉ። ውሳኔው የአካልን ሽያጭ በማያሻማ ቃል ይከለክላል። የሕዋሱን ዋጋ ከአዘጋጁ፣ ከጠባቂውና ከአጓጓዡ የድካም ዋጋ መለየት ይቻላል የሚል ክርክር ይነሣል፤ ልዩነቱ በመርሕ ደረጃ ትክክል ነው። ነገር ግን ሰጪው ሳያውቅ ወይም ድህነቱ አስገድዶት የተገኘ ሕዋስ ከሆነ «የድካም ዋጋ» የሚለው ስም ብይኑን አይለውጠውም።

ከግንደ ሕዋስ የሚነሣው ሥራ የተለየ መንገድ አለው። የዓለም ሙስሊም ሊግ የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2003 በመካ ባደረገው 17ኛ ስብሰባ ግንደ ሕዋስ ከየት ሊወሰድ እንደሚችል ዘርዝሮ ወስኗል። ጉዳት ሳይደርስበት ከፈቀደ ጎልማሳ፣ በወላጅ ፈቃድና ለሸሪዓዊ ጥቅም ከሕፃን፣ ከእንግዴ ልጅና ከእትብት፣ በራሱ ከወረደ ጽንስ መውሰድን ፈቅዷል፤ ያለ ሕክምናዊ ምክንያት ሆን ተብሎ ከተወረደ ጽንስ እና ለዚሁ ብቻ ተብሎ ከሚዳቀል ሽል መውሰድን ከልክሏል። የዮኮሃማው እንቡጥ በዚህ ሚዛን ሲታይ ነገሩ ይቀልላል። የጉበቱ ሕዋሳት የተገኙት ከጎልማሳ ሰው ተራ ሕዋስ ወደ ግንደ ሕዋስነት ከተመለሱ ሕዋሳት ነው። ይህን የመመለስ ዘዴ ያማናካ የተባለው ጃፓናዊ በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ሕዋስ አሳይቶ በ2012 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። የደም ቧንቧው ሕዋሳት ከእትብት፣ ደጋፊዎቹ ደግሞ ከመቅኔ የመጡ ናቸው። ሽል አልተነካም። የመካው ጉባኤ ከያማናካ ግኝት ሦስት ዓመት ቀድሞ እትብትን በስም መጥቀሱ የሚያስደስት ነው።

ሕዋሱ የሚኖርበት ነገር

ኢማሞች ብዙ ጊዜ የማይጠየቁት፣ ነገር ግን የሙስሊም የሕክምና ተማሪዎች የሚጨነቁበት ሌላ ነገር አለ። ሕዋስ ብቻውን አያድግም። ምግቡ በአብዛኛው ከጥጃ ጽንስ ደም የሚዘጋጅ ፈሳሽ ነው። የሚያርፍበት ለስላሳ ንጣፍ አንዳንዴ ከአይጥ ዕጢ፣ አንዳንዴ ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳ ይወጣል። ደም እንዳይረጋ የሚጨመረው ሄፓሪን በብዛት ከአሳማ አንጀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የአይጥ ጉበት ሕዋሳቱ በሙሉ ታጥበው ነጭ ድርና ማግ ብቻ ሲቀር በሌላ ሕዋስ እንደገና ሊሞላ እንደሚችል ታይቷል፤ አሁን ይኸው በአሳማ ጉበት እየተሞከረ ነው።

መርካቶ ሐነፊውና ሻፊዒው በአንድ ሶፍ የሚቆሙበት ቦታ ስለሆነ ሁለቱንም መዝሀቦች ማስታወስ ይገባል። ሐነፊዎች ዘንድ ኢስቲሓላ፣ ማለትም የነጃሳ ነገር ባሕርይ ፈጽሞ መለወጥ፣ ሰፊ ቦታ አለው፤ በጨው ማዕድን ውስጥ ወድቆ ጨው የሆነ አህያ የጠራ ጨው ነው የሚለው ምሳሌያቸው ታዋቂ ነው (የአፋር አሞሌ ነጋዴ ይህን ምሳሌ ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም)። ሻፊዒዮች ዘንድ በሩ ጠባብ ነው፤ በራሱ ኮምጣጤ የሆነ አስካሪ መጠጥና የተለፋ ቆዳ ከጥቂቶቹ መካከል ናቸው፤ ቆዳውም የውሻና የአሳማ ካልሆነ ነው።

ሆኖም የብዙ ክርክር ምንጭ የሚሆነው ሁለት ነገሮችን አለመለየት ነው። በሳሕን ላይ ተሠርቶ፣ ታይቶ የሚጣል ሕብረ ሕዋስ አይበላም፣ በሰው ሰውነት ውስጥም አይቀመጥም። በርሱ ላይ የሚሠራ ተማሪ የሚነካው ነጃሳ ቢሆን እንኳ ግዴታው እጁንና ልብሱን ማጥራት ነው፤ ለሚጠቅም ዕውቀት ነጃሳን መንካት በራሱ ኃጢአት አይደለም። በአሳማ ድርና ማግ ላይ የተሠራ ጉበት በሙስሊም ሆድ ውስጥ ሊተከል ሲል ግን ጥያቄው ሌላ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የዶሩራ መስፈርቶች ይነሣሉ፤ ሌላ አማራጭ መታጣቱም ይጠየቃል። ዛሬ የምንነጋገርበት የምርምር ሥራ ከመጀመሪያው ወገን ነው።

ስለ እንስሳቱም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የተጠማ ውሻ ስላጠጣው ሰው በተናገሩበት ሐዲስ ሕያው ፍጥረትን ሁሉ በእርጥብ ጉበቱ ጠርተው፣ ለርሱ የሚደረግ ደግነት ምንዳ እንዳለው አስተምረዋል። አማርኛችን ርኅራኄን በአንጀት ላይ ያሳርፈዋል፤ ዐረብኛው ሕይወትንም የልጅ ፍቅርንም በጉበት ይገልጻል። ከ1931 ጀምሮ ለዚህ ጥናት የተቆረጡት አይጦች ስፍር ቁጥር የላቸውም። በሰው ሕዋስ የሚሠራው ሕብረ ሕዋስ ይህን ቁጥር የሚቀንስ ከሆነ፣ ያ ራሱ በሸሪዓ ሚዛን የሚደፋ ጥቅም ነው።

መተካት የሚያቅተው መቼ ነው?

ጉበት ይህን ያህል ችሎታ ከተሰጠው፣ ሰው በጉበት በሽታ ለምን ይሞታል? የተቆረጠ ጤናማ ጉበት አንድ ነገር ነው፤ ለሃያ ዓመት በየቀኑ የሚቆስል ጉበት ሌላ ነው። ቁስሉ ሳይሽር ሌላ ቁስል ሲደረብ በሕዋሳቱ መካከል ጠባሳ ይጋገራል። ጠባሳው ደሙ የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን መንገዶች ያጠብባል፤ ከቧንቧው ግድግዳ የሚመጣው መልእክትም ይዛባል። ሲሮሲስ የሚባለው ይህ ነው። በየሠፈሩ «የወፍ በሽታ» እየተባለ የሚጠራው የዓይን ቢጫ መሆንም ከምልክቶቹ አንዱ ነው፤ ሰዎች ከሌሊት ወፍ ጋር ቢያያይዙትም ወፏ ምንም አላደረገች።

በአገራችን ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የጥናቶች ማጠቃለያ በኢትዮጵያ ስርጭቱን 7.4 በመቶ አድርሶታል። በ2007 ክትባቱ በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያ በፊት የተወለዱት ግን አብዛኞቹ አልተከተቡም። በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሕክምናው በመርሐ ግብር ተጀምሮ በመጀመሪያው ምዕራፍ 1303 ሰዎች ሲታዩ 328ቱ ቴኖፎቪር የተባለውን በየቀኑ አንድ የሚዋጥ እንክብል ጀምረዋል፤ ከአንድ ዓመት በኋላም በአብዛኞቹ ደም ውስጥ ቫይረሱ ሊታይ ወደማይችል መጠን ወርዷል። በሌሎች አገሮች በተደረገ ጥናት ደግሞ ሲሮሲስ ከነበረባቸው 96 ሕሙማን መካከል 71ዱ ይህንኑ መድኃኒት ለአምስት ዓመት ከወሰዱ በኋላ የሲሮሲስ ደረጃቸው ተገፏል። ቁስሉ ሲቆም ጉበት የተሰጠውን ሥራ ይቀጥላል። ወንድሙን ይዞ ወደ ኢማሙ የሚመጣ ሰው በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው «የሄፓታይተስ ምርመራ አድርጓልን? አንተስ?» የሚለው ነው፤ ቫይረሱ በአንድ ቤት ውስጥ ይዛመታልና።

ሌላው በገበያው ውስጥ ያለ ነው። በእርጥበት የተከማቸ እህል፣ ለውዝና በርበሬ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ በዋናነት የሚያጠቃው ጉበትን ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ ካለበት ሰው ጋር ሲገናኝም የጉበት ካንሰርን አደጋ ያባዛል። በ1990ዎቹ በአዲስ አበባ ሽሮና የተፈጨ በርበሬ ላይ በተደረገ ፍተሻ በከፊሎቹ ናሙናዎች ተገኝቷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ከተከመረ እህል ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥቡን ሲያገኙ ሻጩን የገሠጹበትን ሐዲስ የእህል በረንዳና የበርበሬ ተራ ነጋዴ በማታለል ምዕራፍ ሰምቶታል፤ ኸጢቡ የጤናውንም ምዕራፍ ሊጨምርለት ይችላል።

ጫት የመጨረሻው ነው፤ በብዙ መጅሊሶች ዘንድ የሚቆረቁር ስለሆነም አብዛኛው ሰው በዝምታ ያልፈዋል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ (በ974 ሒጅሪያ ያረፉት) ከየመን ለቀረበላቸው ጥያቄ ስለ ጫት ራሱን የቻለ ሪሳላ ጽፈዋል። ስለ ጉዳቱ የሚናገሩት ሰዎች ምስክርነት እርስ በርሱ ስለተጋጨባቸው ቁርጥ ባለ ሐራምነት ሳይፈርዱ መራቁ እንደሚሻል መክረዋል። የብይኑ ቁልፍ የምስክርነቱ ግጭት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና በሐረር በሚገኙ ሁለት ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት 150 ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ከ300 ሌሎች ጋር አነጻጽሯል። ጫት የሚቅሙ ወንዶች ለበሽታው ያላቸው ተጋላጭነት ከማይቅሙት በብዙ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ የቃሙት መጠንና ዘመን ሲጨምርም አብሮ ጨመረ።

እንዲህ ያለ ጥናት ዝምድናን ያሳያል፤ ጫቱ በሕዋሱ ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን አያሳይም። አንዱ ቃሚ ሲታመም ሌላው ለምን ደህና እንደሚሆን፣ ጉዳቱ ከቅጠሉ ይሁን በቅጠሉ ላይ ከሚረጭ ፀረ ተባይ፣ የጉበት ሕዋስን ከመግደል አልፎ የመተካት ትእዛዙን ያግድ እንደሆነ ለመለየት የሰው ጉበት ሕብረ ሕዋስ ያስፈልጋል። በቦዩ ውስጥ ፈሳሽ የሚፈስበት፣ የቧንቧው ሕዋሳት መልእክት የሚልኩበት ያ ሰው ሠራሽ ሕብረ ሕዋስ ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ነው። የጫቱን ጭማቂ በአንዱ ቦይ ጨምሮ ሌላውን ያለ ጫት በመተው የትኛው እንደሚከፈል መቁጠር ይቻላል። ለኢብን ሐጀር የጎደላቸው የማይጋጭ ምስክር ከዚህ ዓይነት ሳሕን ላይ ሊገኝ ይችላል።